ባዶ እጅ ስለ አለመታየት፤ የኢየሩሳሌም በዓልና የድኻው መባ

በኦሪት ሕግ ለእስራኤል ልጆች ሦስት የዓመት በዓላት ተወስነው ነበር። እነዚህም የቂጣ በዓል የሚባለው ፋሲካ፥ ከእርሱም በኋላ ሰባት ሱባዔ ተቈጥሮ የሚውለው የመከር በዓል፥ በመጨረሻም ምርቱ ከተከተተ በኋላ የሚከበረው በዓለ መጸለት ናቸው። በእነዚህ በዓላት ወንድ ሁሉ እግዚአብሔር በመረጠው ስፍራ በፊቱ ይታይ ዘንድ ታዘዘ። ከዚህም ትእዛዝ ጋራ ሌላ ትእዛዝ ተጨመረበት፤ ይኸውም የሚመጣው ሰው ባዶ እጁን እንዳይመጣ የሚከለክል ነው። ሁለቱ ትእዛዛት አብረው ሲታዩ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣሉ። መምጣት ግዴታ ከሆነ፥ ባዶ እጅ መምጣትም ክልክል ከሆነ፥ የሚያመጣው የሌለው ድኻ ምን ያድርግ? የአይሁድ የሕግ መምህራን ስለ በዓል ጕዞና ስለ መባ በብዙ ትውልድ የሠሩት ሥርዓት፥ በብዙ ስፍራ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ተሰብስቦ የሚገኘው ሚሽና በሚባለው መጽሐፍ ነው፤ ከክፍሎቹም አንዱ ሐጊጋ ተብሎ ስለ በዓል መሥዋዕት ይናገራል። ሚሽናን ያዘጋጀው ረቢ ይሁዳ የተባለው አለቃ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 200 ዓ.ም. ገደማ ነው። የኢየሩሳሌም መቅደስ ግን በዚያው አቈጣጠር በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ተቃጥሎ ነበር። ስለዚህ በመጽሐፉ ከተጻፈው አንዳንዱ በመቅደሱ ዘመን የተሠራበት ሲሆን፥ አንዳንዱ ደግሞ የኋላ መምህራን እንዲህ ሊሆን ይገባል ብለው የወሰኑት ነው።

መምህራኑ አስቀድመው የመረመሩት፥ ለመውጣት የሚገደደው ማን እንደ ሆነ ነው። ጕዞው በእግር የሚደረግ ስለ ሆነ፥ አንካሳውና ዕውሩ፥ በሽተኛውና ሽማግሌው፥ በእግሩ ለመውጣት የማይችል ሁሉ ግዴታው ቀረለት። ባሪያም ነጻ እስኪወጣ ድረስ አልተገደደም፤ ስለ ምን ቢሉ ሌላ ጌታ አለበትና። ሴቶችም በትእዛዙ አልተገደዱም፤ ነገር ግን የሳሙኤል እናት ሐና በየዓመቱ ወደ ሴሎ ትወጣ እንደ ነበረ ሁሉ፥ ብዙዎች በፈቃዳቸው ይወጡ ነበር። ስለ ሕፃናት ግን ሁለቱ ታላላቅ የትምህርት ቤቶች ተከራከሩ። የሻማይ ቤት፥ በአባቱ ትከሻ ተቀምጦ ከከተማው ወደ መቅደሱ ተራራ ለመውጣት የሚችል ልጅ ሁሉ ይውጣ አለ። የሂሌል ቤት ግን፥ የአባቱን እጅ ይዞ በገዛ እግሩ ለመራመድ የሚችለው ይውጣ አለ።

ከዚህ በኋላ የመባው ነገር መጣ። ወደ በዓሉ የወጣ ሰው ሁለት መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። አንደኛው በፊቱ ስለ መታየቱ የሚያቀርበው ነው፤ ይህ ሁሉ በእሳት ይቃጠላል፥ ከሥጋውም ማንም አይበላም። ሁለተኛው የበዓል መሥዋዕት የሚባለው ነው፤ ከዚህ ስቡ በመሠዊያው ላይ ይቃጠላል፥ ካህኑም ድርሻውን ይወስዳል፥ የቀረውን ባለ መባው ከቤተ ሰቡና ከእንግዶቹ ጋራ ይበላዋል። ኦሪት ለሁለቱ መጠን አልሰጠችም፤ መምህራን ግን ዝቅተኛውን ዋጋ መዓ በሚባል ታናሽ ብር ወሰኑት፤ ስድስት መዓ አንድ ዲናር ይሆናል። የሻማይ ቤት ለሚቃጠለው ሁለት መዓ፥ ለሚበላው አንድ መዓ አለ። የሂሌል ቤት ግን ለሚቃጠለው አንድ፥ ለሚበላው ሁለት አለ። ሲደመር ሁለቱም ሦስት መዓ ነው፤ ክርክሩ ስለ ብዛቱ ሳይሆን ስለ አከፋፈሉ ነበር። የሂሌል ቤት በወሰነው መሠረት ከድኻው ገንዘብ የሚበልጠው እጅ ተመልሶ ወደ ልጆቹ ማዕድ ይገባል።

ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ በላይ ያለውን ሕጉ በሰውየው ኑሮ ለካው። የሚበሉ ብዙ፥ ሀብት ጥቂት የሆነበት ሰው፥ የሚበላውን መሥዋዕት ያብዛ፥ የሚቃጠለውን ያሳንስ ተባለ። ሀብት ብዙ፥ የሚበሉ ጥቂት የሆኑለት ደግሞ፥ የሚቃጠለውን ያብዛ፥ የሚበላውን ያሳንስ ተባለ። ሁለቱም ያነሱበት በዚያ በታናሹ መጠን ይበቃዋል፤ ሁለቱም የበዙለት ግን እግዚአብሔር እንደ ሰጠው መጠን ይስጥ። እንግዲህ ከሀብቱ ጋራ የአፎች ቍጥር ታሰበ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ያላቀረበም በበዓሉ በቀሩት ቀኖች እንዲያቀርብ ተፈቀደለት።

ስለ ሕዝቡ ሁሉ የሚቀርበው መሥዋዕት ግን በሌላ ሚዛን ተለካ። ጧትና ማታ በመሠዊያው የሚሠዋው በግ የሚገዛው በየዓመቱ ከሚሰበሰበው ግማሽ ሰቅል ነበር፤ በዚህ ላይ ባለጠጋ እንዳይጨምር ድኻም እንዳያጐድል ኦሪት ከልክላለች። ከፋሲካ በፊት ባለው በአዳር ወር መጀመሪያ ቀን ስለ ግማሹ ሰቅል ይታወጅ ነበር፤ በ15ኛው ቀን መንገዶች ይጠገናሉ፥ የገንዘብ ለዋጮችም ገበታ በአገሩ ይዘረጋል፤ በ25ኛው ቀን ገበታው በመቅደሱ ይዘረጋ ነበር። የሚከፈለውም የጢሮስ ብር ነበር፤ ብሩ ንጹሕ ነውና። የየሰዉ መባ እንደየአቅሙ ሆነ፤ የማኅበሩ መሥዋዕት ግን ማንም ከባልንጀራው ይልቅ የእኔ ነው እንዳይል ትክክል ሆነ።

የእርሻውን በኵራት የሚያመጡ ሰዎች በየአውራጃው ከተማ ተሰብስበው በአደባባይ ያድሩና፥ በማለዳ ዋሽንት እየተነፋ ይጓዙ ነበር። በፊታቸው ቀንዱ በወርቅ የተለበጠ፥ በራሱም የወይራ አክሊል ያለበት በሬ ይሄዳል። ከመቅደሱ ተራራ ሲደርሱ ንጉሥ አግሪጳ እንኳ ቅርጫቱን በትከሻው ይሸከም ነበር ይላል ሚሽና። በካህኑ ፊት ግን ባለ በኵራቱ በኦሪት ዘዳግም የተጻፈውን ምስጋና በዕብራይስጥ ማንበብ ነበረበት። በመጀመሪያ የሚያውቅ ራሱ ያነብ፥ የማያውቅ የሚነግረውን ተከትሎ ይል ነበር። በዚህም ያልተማሩት እያፈሩ በኵራታቸውን ማምጣት ተዉ። መምህራኑ ይህን ባዩ ጊዜ፥ የሚያውቀውም የማያውቀውም ሁሉ ተከትሎ እንዲል ሥርዓት ሠሩ፤ በእኩልነቱም ዕፍረቱ ተወገደ። ይሁን እንጂ ሕጉ ልዩነትን ሁሉ አላጠፋም። ባለጠጎች በብርና በወርቅ ቅርጫት፥ ድኾች በተላጠ የአኻያ በትር በተሠራ ቅርጫት ያመጡ ነበር፤ የኋላ መምህራን እንዳስረዱትም የባለጠጋው ቅርጫት ይመለስለታል፥ የድኻው ግን ከፍሬው ጋራ ለካህኑ ይቀራል። መምህራኑም ይህን ለድኻ ዕድል ምሳሌ አድርገው በትዝብት አንሥተውታል።

የወለደች ሴት መንጻቷ ሲፈጸም በግ ታቀርባለች፤ በግ ለመግዛት አቅም ካነሳት ግን ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ይበቋታል። የጌታ እናት ያቀረበችውም ይህን የድኾች መባ እንደ ሆነ በሉቃስ ወንጌል ተጽፏል። አንድ ጊዜ ግን በኢየሩሳሌም የሁለቱ ወፎች ዋጋ አንድ የወርቅ ዲናር ደረሰ፤ ይኸውም 25 የብር ዲናር ነው። በዚያን ጊዜ ረባን ስምዖን ወልደ ገማልያል ዋጋው የብር ዲናር እስኪሆን ድረስ በዚያች ሌሊት እንዳይተኛ በመቅደሱ ማለ። ወደ ሸንጎውም ገብቶ፥ የአምስት ወሊድ መባ ያለባት ሴት አንድ ብቻ ብታቀርብ እንደሚበቃት፥ የቀረውም ግዴታ እንደማይሆንባት አስተማረ። የሚገዛ ስላነሰ በዚያው ቀን ዋጋው ከአንድ የብር ዲናር በታች ወረደ።

ከሩቅ ለሚመጣው ደግሞ ኦሪት ዐሥራቱን በብር ሸጦ፥ ብሩን ይዞ እንዲወጣና በዚያ እንዲበላበት ፈቅዳለች። በኢየሩሳሌም ለማደሪያ ኪራይ አይከፈልም ነበር፤ እንግዳው የመሥዋዕቱን ቆዳ ለባለቤቱ ትቶለት ይሄድ ነበር እንጂ። በ1913ና በ1914 በተደረገ ቍፋሮ በኢየሩሳሌም የተገኘ አንድ የግሪክ ጽሕፈት፥ ቴዎዶቶስ የተባለ ካህን ከውጭ አገር ለሚመጡ ችግረኞች ማደሪያና የውሃ ስፍራ ከምኵራብ ጋራ እንዳሠራ ይናገራል። ለመስገድ ከኢትዮጵያ የወጣው የህንደኬ ጃንደረባም ከእንዲህ ያሉት የሩቅ አገር መንገደኞች አንዱ ነበር። በመቅደሱም ውስጥ የምስጢር ክፍል የሚባል ቤት ነበረ፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው በስውር ያኖሩበታል፥ ከጥሩ ቤት ተወልደው የደኸዩትም በስውር ይረዱበታል። ሰጪው ተቀባዩን፥ ተቀባዩም ሰጪውን አያውቅም።

በ70 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ቨስጳስያን ያን የግማሽ ሰቅል ግብር አላስቀረውም፤ ሁለት ድራክማ አድርጎ በሮም ላለው ለጁፒተር ቤት እንዲከፈል አዘዘ እንጂ። ባለጠጋና ድኻ ለአምላካቸው በእኩልነት ያወጡት የነበረው ገንዘብ ለጣዖት ቤት የሚገባ የሽንፈት ዕዳ ሆነ። በኋላ ዘመን የተጻፈ አንድ ትረካ እንደሚለው፥ ረባን ዮሐናን ወልደ ዘካይ ከደቀ መዝሙሩ ከኢያሱ ጋራ በፈረሰው መቅደስ አጠገብ ሲያልፍ፥ ደቀ መዝሙሩ ኃጢአት የሚሰረይበት ስፍራ ጠፋ ብሎ አለቀሰ። መምህሩ ግን የሚተካከለው ሌላ ማስተስረያ እንዳለ፥ እርሱም ለሰው ምሕረት ማድረግ እንደ ሆነ ነገረው።

መሠዊያው ከጠፋም በኋላ መምህራኑ ስለ ሦስቱ መዓ መማርንና መከራከርን አልተዉም። አይሁድ እስከ ዛሬ በሦስቱ በዓላት ጸሎታቸው ወጥተው ለመታየትና ለመሠዋት አለመቻላቸውን ያስባሉ፤ በበዓሉ ድኻውንና መጻተኛውን፥ ወላጅ የሌለውንና መበለቲቱን ማስደሰት ግን መቅደስ በሌለበትም የሚፈጸም ግዴታ ሆኖ ጸንቷል።