በጎጃም ምድር ያገኘናቸው ሁለት ሰዎች

በታሪክ ትምህርት ሰዓት መምህራችን አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ይኸውም፣ «ደም ሳያፈሱ የሕዝባቸውን ኑሮ ለማሻሻል ከደከሙት ሰዎች መካከል ከማን ጋር መገናኘት ትወዳላችሁ?» የሚል ነበር። አንዳችን ማህተማ ጋንዲን፣ ሌላው ማርቲን ሉተር ኪንግን ጠራ። መምህራችንም «ከአገራችሁስ ማንን?» ቢሉን ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ያ ዝምታ አሳፈረን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ጥያቄ ዘግይተንም ቢሆን መልስ ለመስጠት ነው።

መልሱን ያገኘነው ከደጃችን ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኘው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ስሙም ሐዲስ ዓለማየሁ ተባለ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን ስለ ሆንን ይህን ስናነብ ታላቅ ወንድማችንን ያገኘን መሰለን። ከዚያም ወደ ጎጃም ተመልሰው በዳንግላ መምህር ሆኑ።

ሁለተኛው ሰው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ጎጃምን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት እርሳቸው ነበሩ። ራስ እምሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በሐረር አብረው ያደጉ መስፍን ሲሆኑ፣ የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈላቸው «ቀዩ ራስ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። ስለ ድኻ መብት የሚናገር ብዙ ነው፤ ከራሱ ርስት ቆርሶ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው።

ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ መምህሩ ሐዲስ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ። ጦሩ በ1928 ዓ.ም. በሽሬ ከተዋጋ በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዘልቀው ትግሉን ቀጠሉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ግን በጠላት እጅ ወደቁ። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። ሁለቱም የፖንዛን ደሴት እስራት ቀምሰው፣ ሰባት ዓመት ያህል ከአገራቸው ርቀው ኖሩ።

አንባቢ በዚህ ላይ «እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ አንሥተው የለምን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አዎን፣ አንሥተዋል። ነገር ግን ጠመንጃቸው ለወራሪ ነበር። በወገን መካከል ያለውን በደል ለማስወገድ የመረጡት ሌላ መሣሪያ ነው። ራስ እምሩ የመረጡት ምሳሌነትን ነው። ጋንዲ በጥር 1940 ዓ.ም. ከተገደሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሕንድ አገር የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥት ለመገልበጥ የተነሡት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው የሰየሙት እርሳቸውን መሆኑ፣ ለውጥ ፈላጊዎች ምን ያህል ያከብሯቸው እንደ ነበረ ያስረዳል።

ሐዲስ ደግሞ ብዕርን መረጡ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ባላባትና ገበሬ ኑሮ ገልጦ አሳየ። በዚያ መጽሐፍ ጉዱ ካሣ የሚባለው ሰው ያረጀውን ሥርዓት የሚታገለው በቃል ብቻ ነው፤ ሰዎች እንደ እብድ ቢያዩትም እውነቱን መናገር አይተውም። ደራሲው በ1966 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት አሳባቸውን ጽፈው ለሕዝብ አቀረቡ። ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ቢጠይቃቸውም አልተቀበሉም።

ይሁን እንጂ የሰላም መንገድ በጊዜው ሰሚ አላገኘም። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጥቶ ጭሰኝነት ቢቀርም፣ አብዮቱን የተከተሉት ዓመታት ብዙ ወጣት ያለቀባቸው ሆኑ። እኛ ከዚህ የተማርነው ሰላማዊ ምክር ደካማ መሆኑን አይደለም፤ ምክር ሳይሰማ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ተከታዩ ትውልድ መሆኑን ነው።

ራስ እምሩ በ1972 ዓ.ም.፣ ሐዲስም በ1996 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ስለዚህ በአካል ልናገኛቸው አንችልም። እኛ ግን የተኩስ ድምፅ ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ያየን የጎጃም ልጆች ስለ ሆንን፣ ከሁሉ ይልቅ የምንሻው የእነርሱን ምክር ነው። ታናናሾቻችን ሆይ፣ መምህራችሁ ያንን ጥያቄ ደግመው ሲጠይቁ ክፍሉ ዝም አይበል። እኛ ዛሬ ከትምህርት ቤታችን ስንሰናበት መልሱን ለእናንተ አደራ ትተን እንሄዳለን።