የኢሪ ባቡር ኩባንያ አደረጃጀትና የመልእክት መንገዱ

በአሜሪካ ከባቡር ሐዲድ መዘርጋት በፊት የነበሩት አብዛኞቹ የንግድ ቤቶች ባለቤቱ ከጥቂት ሠራተኞቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚውልባቸው ስለነበሩ፣ ማን ለማን ምን ማሳወቅ እንዳለበት በጽሑፍ መደንገግ አላስፈለጋቸውም ነበር። ባቡር ግን የአንድ ድርጅት ሠራተኞችን በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ በተናቸው፤ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ በሚመላለሱበት መስመር ላይም የመልእክት መዘግየት ሕይወት ያስከፍል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1841 በማሳቹሴትስ በሚገኘው የዌስተርን መስመር ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ኩባንያው መስመሩን በክፍል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ ሾመ፤ ተጠሪነትን፣ ማለትም ማን ለማን መልስ እንደሚሰጥ፣ በደንብ አስፍሮ ወሰነ።

ጉዳዩ ይበልጥ የጎላው ግን እ.ኤ.አ. በ1851 ከሃድሰን ወንዝ እስከ ኢሪ ሐይቅ በተጠናቀቀው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የኒውዮርክና ኢሪ መስመር ነው። በ1854 የመስመሩ ዋና ተቆጣጣሪ የሆነው ስኮትላንድ ተወላጁ ዳንኤል ማካለም፣ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር ኃላፊ ሠራተኞቹን በአካል እያወቀ፣ ሥራውንም በዓይኑ እያየ ሊመራ እንደሚችል፣ በአሥር እጥፍ ገደማ በሚረዝም መስመር ላይ ግን ይህ ፈጽሞ እንደማይሆን ለኩባንያው ባቀረበው ሪፖርት አስረድቷል። ቴሌግራፍ ከእርሱ ሹመት አስቀድሞ በመስመሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ባቡር ለማዘዝም ውሎ ስለነበር፣ ማካለም መፍትሔውን የፈለገው በመሣሪያው ሳይሆን በሰዎቹ ግንኙነት ነው።

በዘረጋው ሥርዓት መሠረት የባቡሮቹ መገኛና የመዘግየታቸው ምክንያት በየሰዓቱ በቴሌግራፍ ይገለጽ፣ የዕለቱም ሥራ በየቀኑ በጽሑፍ ይቀርብ ነበር። ትእዛዝ በበኩሉ በዕዝ ሰንሰለት፣ ከአለቃ ወደ ቅርብ የበታቹ በሚወርድ መሰላል፣ ደረጃ ሳይዘል እንዲተላለፍ ተደነገገ፤ የበላዩ ሹም ፎርማኑን አልፎ ሠራተኛውን በቀጥታ ካዘዘ፣ ፎርማኑ ታዛዥ ማግኘት አይችልም የሚል እምነት ነበረውና። በ1855 የተሣለው የኩባንያው የመዋቅር ሥዕል ይህን ሁሉ በዛፍ አምሳል ያሳያል፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚሰቀለው ሰንጠረዥ በተቃራኒ ፕሬዚዳንቱና የዳይሬክተሮች ቦርዱ ከግንዱ ሥር ሲቀመጡ፣ የየክፍሉ ኃላፊዎችና ሠራተኞች እንደ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይዘረጋሉ። በዘመኑ የታወቀው የባቡር ነክ መጽሔት አዘጋጅ ሄንሪ ቫርነም ፑር ሥርዓቱን በጽሑፎቹ አወድሶታል። ከአሠራሩ ጥራት አንጻር ውዳሴው ይገባዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚጓዘው ሁሉም ዓይነት መልእክት አልነበረም። ስለ ባቡሩ የሚነገረው ሁሉ ያለ መሰናክል ወደ ላይ ሲደርስ፣ የነጂው ቅሬታ ግን ከቅርብ አለቃው በቀር ሌላ በር አልነበረውም፤ አለቃው ራሱ የቅሬታው ምክንያት በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ያ በር እንደ ዝግ ይቆጠራል። በ1854 ማካለም ባወጣው ደንብ ውስጥ፣ በተሳሳተ የሐዲድ ማቀያየሪያ ምክንያት ባቡሩ ከሐዲድ ቢወጣ ነጂውን ተጠያቂ የሚያደርገው አንቀጽ ነጂዎቹን አስቆጣ፤ በዚያው ዓመትና በ1856 ሥራ አቁመው አደሙ። አድማ፣ በእንዲህ ያለ መዋቅር ውስጥ፣ ደረጃ ሳይጠብቅ እስከ ቦርዱ የሚደርስ ብቸኛው መልእክት ነበር ማለት ይቻላል። ማካለም በ1857 ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ግን የሰሜኑን ጦር የባቡር መስመሮች እንዲመራ ተሾሟል።

የዕዝ ሰንሰለት መልእክትን እንደሚያዘገይ በግልጽ የጻፈው ለረጅም ዓመታት የማዕድን ኩባንያ የመራው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል ነው። በ1916 ባሳተመው ሥራው፣ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች በአንድ ደረጃ ላይ የሚገኙ ሠራተኞች አንድን ጉዳይ ለመጨረስ እስከ ድርጅቱ ራስ ወጥተው መውረድ እንደማያሻቸው፣ አለቆቻቸው ከፈቀዱና ውጤቱ ከተነገራቸው በቀጥታ መነጋገር እንደሚችሉ አስረዳ፤ ይህንንም መሸጋገሪያ ድልድይ ብሎ ጠራው። የፋዮል ድልድይ እኩያን ከእኩያ አገናኘ እንጂ፣ የኢሪ ነጂዎች ያጡትን ከታች ወደ ላይ የሚያደርስ የአቤቱታ መንገድ አልከፈተም።