«የሸክላ ምስለ ገጽ»፦ ለአንድ የጥበብ ሥራ የሚስማማ ስያሜ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለሙያዎች የታወቁ ሰዎችን መልክ ቀርጸው በእሳት የተኮሷቸውን፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሟቸውን ክብና ሞላላ ሥራዎች «የሸክላ ሜዳሊያ» ማለት ለተርጓሚ ቢቀልም አንባቢን ያሳስታል፤ መነሻው የጣሊያንኛው «ሜዳልዮኔ» ትልቅ ሜዳሊያ ማለት ቢሆንም፣ በአማርኛ ሜዳሊያ በአሸናፊ አንገት ላይ የሚጠለቅ ሽልማት ነው። «የሴራሚክ ምስል» የሚለውም አይሻልም፤ ሴራሚክ በከተማ ሰው አፍ የወለልና የግድግዳ ንጣፍ ሆኗል። «ሸክላ ሰብሳቢ» ቢባል ደግሞ የድሮ ሙዚቃ ወዳጅ እንጂ የቅርጽ ወዳጅ አይታሰብም።

ከሁሉ የሚስማማው «የሸክላ ምስለ ገጽ» ነው። «ገጽ» ዛሬ ለመጽሐፍ ቢያደላም በግእዝ ፊት ማለት ሲሆን፣ ይህ ፍቺው «ገጽታ» በሚለው ቃል ውስጥ እስካሁን ይሰማል። «ምስለ» የሚለው አያያዝም እንግዳ አይደለምና፣ ቋንቋው ይህን የመሰለ ጥሪት ይዞ ሳለ ለመልክ ምስል ስም መበደሩ ያስቆጫል። ጠፍጣፋ የሸክላ ሥራን በተመለከተ «የሸክላ ሰሌዳ» ይበቃል፤ «ጽላት» ለታቦቱ የተለየ ስም ስለሆነ ሊነካ አይገባም።

«ሸክላ» ለረቂቅ ሥራ ያንሳል የሚል ሙግት ቢነሳ፣ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ አጋማሽ ለፍሬ ያበቃው ጃስፐር የተባለው ዓይነትም ያለ መስተዋት ቅብ የሚተኮስ አፈር ነው፤ ነጩ መልክ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ በሰማያዊው ወለል ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሁለቱ አብረው እሳት ይገባሉ። ሰብሳቢውም ጀርባውን ገልብጦ ማኅተሙን ይመረምራል፤ ከዌጅውድ ጋር የሸሪኩ የቤንትሌይ ስም ከታተመበት፣ ሥራው ቤንትሌይ እስከ ሞተበት እስከ 1780 ባለው ዘመን የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

ስያሜው ወሰንም ያበጃል። ዌጅውድ በ1787 የባሪያ ንግድን ለመቃወም ያሠራው፣ በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ ጥቁር ሰው የሚታይበት ዝነኛ ሥራ ሙሉ አካልን እንጂ የአንድን የታወቀ ሰው ፊት ስለማያሳይ፣ የሸክላ ምስል ቢባል እንጂ ምስለ ገጽ ሊባል አይችልም፤ በ1788 ለቤንጃሚን ፍራንክሊን የተላኩት ቅጂዎችም የሚመደቡት ከዚሁ ወገን ነው።