የሲብራይት ባንታም፦ ውበት የተከፈለበት ላባ

የሰው ልጅ የውበት ስሜቱን በድንጋይ፣ በቀለም፣ በቃልና በዜማ እንደ ገለጸ ሁሉ በሕያው ፍጡርም ላይ ቀርጾታል። ለዚህ ማስረጃ ከሚሆኑት አንዱ ክብደቱ ከስድስት መቶ ግራም እምብዛም የማያልፍ አንድ የእንግሊዝ ዶሮ ነው። ስሙ የሲብራይት ባንታም ይባላል። ታሪኩ የአንድ ባላባት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኖ ተጀምሮ የሳይንስ ታሪክ ምዕራፍ ለመሆን በቅቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገብስማ፣ ወሰራ፣ ነጭ፣ ቀይ እያለ ዶሮን በላባው ለይቶ ለሚጠራ ሰው የሲብራይትን መልክ መገመት አያስቸግርም። ወርቃማና ብርማ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። በሁለቱም እያንዳንዱ ላባ ዳር ዳሩን በጥቁር መስመር የተከበበ ነው፤ መስመሩም ጎበዝ ሸማኔ በነጠላ ጫፍ ላይ እንደሚጥለው ጥለት ቀጭንና የተስተካከለ ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን አውራው ነው። እንደ ማጭድ የሚቆለመመው ረጅም የጅራት ላባ የለውም፤ በአንገቱና በወገቡ ላይ የሚፈሰው ሹል ላባም የለውም። የሴቷን ላባ ለብሶ እንደ አውራ ይጮኻል።

«ባንታም» የሚለው ስም የመጣው በጃቫ ደሴት ከሚገኝ ጥንታዊ የወደብ ከተማ ነው። የአውሮፓ መርከበኞች ከዚያ አካባቢ ያገኟቸውን ትንንሽ ዶሮዎች በወደቡ ስም ጠሯቸው፤ ውሎ አድሮም ስሙ ለድንክ ዶሮዎች ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ሰር ጆን ሲብራይት በ1767 ተወልዶ በ1846 የሞተ ባሮኔት ነበር። ያደገበት ዘመን ሮበርት ቤክዌል የተባለው የእንግሊዝ አርቢ በጎችንና ከብቶችን እየመረጠና የቅርብ ዘመዳሞችን እያራባ ዝርያ የሚለውጥበትን ዘዴ ያስፋፋበት ነው። ቤክዌል ዘዴውን ለሥጋና ለሱፍ አዋለው፤ ሲብራይት ደግሞ ለላባ። ለአንድ ድሃ የእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ ዶሮ ማለት እንቁላል ነበረች። ሰፊ መሬት ያለው ባላባት ግን የአንዲትን ላባ ጠርዝ ለማስተካከል ዓመታት የሚያጠፋበት ፋታና ሀብት ነበረው። በ1810 አካባቢ ሲብራይትና ባልንጀሮቹ ለዚህች ዶሮ ብቻ የቆመ ማኅበር መሠረቱ፤ በየዓመቱም በለንደን በአንድ ቡና ቤት እየተሰበሰቡ ያረቧቸውን ያወዳድሩ ነበር።

ሰውየው በሸንጎም ድምፅ ነበረው። ከ1807 እስከ 1834 የኸርትፎርድሺር የፓርላማ አባል ሆኖ ሠርቷል። በመጋቢት 1831 ሎርድ ጆን ራስል የፓርላማ ምርጫ ማሻሻያ ረቂቅ ሕግ እንዲቀርብ ሐሳብ ሲያነሣ ሐሳቡን የደገፈው ሲብራይት ነበር። በበረቱ ምርጫን የተካነው ሰው በሸንጎውም ስለ ምርጫ ቆመ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ1832 የጸደቀው ሕግ የከተማውን ባለ ሀብት ሲያካትት የእርሻ ሠራተኛውን ከነጭራሹ በውጭ ትቶታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቅርሱ ግን በ1809 ለሰር ጆሴፍ ባንክስ በደብዳቤ መልክ ጽፎ ያሳተመው ስለ እንስሳት ዝርያ ማሻሻል የሚናገር አነስተኛ መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፉ የቅርብ ዘመድን ከዘመድ ያለማቋረጥ ማራባት ዘርን እንደሚያደክም በውሾች፣ በዶሮዎችና በርግቦች ላይ ካደረገው ሙከራ ተነሥቶ አስጠንቅቋል። ብርቱ ክረምትና የምግብ እጥረት ደካማውን እየለዩ በማጥፋት የጎበዝ አርቢን ሥራ እንደሚሠሩም ጠቁሟል። ቻርለስ ዳርዊን ጽሑፉን አንብቦታል፤ በ1859 ባሳተመው «የዝርያዎች አመጣጥ» በተባለው መጽሐፉም የሲብራይትን የአርቢነት ጥበብ በምሥክርነት ጠቅሷል።

የታሪኩ ምፀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲብራይት ለሌሎች የጻፈው ማስጠንቀቂያ በገዛ ዶሮው ላይ ደረሰ። ለጥለቱ ንጽሕና ሲባል በጠባብ የዘር ክበብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተራባችው ዶሮ እንቁላሏ ጥቂት፣ ጫጩቶቿም በቀላሉ የሚሞቱ ሆኑ። ላባው እየጠራ ሲሄድ ዘሩ ደከመ።

ሆኖም ለጌጥ የተፈጠረው ዶሮ ላልታሰበ ቁም ነገር በቃ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1919 ባሳተመው ጥናት የሲብራይት አውራ ሲኮላሽ የተነፈገው የአውራ ላባ በሙሉ እንደሚበቅልለት አሳየ። ከዚህም የሴት መሰሉ ላባ መንሥኤ ከራሱ የወንድ ዘር ዕጢ የሚመነጭ ነገር መሆኑ ታወቀ። በ1980ዎቹ ዓመታት የተካሄዱ ምርምሮች ምሥጢሩን ይበልጥ ገለጡት፤ በዚህ ዶሮ ቆዳ ውስጥ አሮማቴዝ የተባለው ኤንዛይም ከልክ በላይ ስለሚሠራ የወንዱን ሆርሞን እዚያው ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጠዋል። ይህም ባሕርይ በዘር የሚተላለፍ ነው።

የሲብራይት ባንታም ዛሬም በዶሮ ትርኢቶች ላይ ይታያል። የሚመለከተው ሰው የላባውን ጥለት ማድነቁ ተገቢ ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የትዕግሥት ሥራ ነውና። ከጥለቱ ሥር ግን ሌላ ታሪክ ተጽፏል። ቅርጽን ብቻ የመረጠ እጅ ሕይወትን ሳያውቀው ሊቀንስ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የተናገረው ደግሞ ዶሮዋን የፈጠረው ራሱ ሲብራይት ነበር።