ከዓለም በቃኝ እስከ ምሕረት

ከምኖርበት ቦሌ ቡልቡላ ወደ ሜክሲኮ በተጓዝኩ ቁጥር የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ሐሳቤን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ሥፍራ ቀድሞ የነበረው «ዓለም በቃኝ» እስር ቤት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሹማምንትን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ፣ ያለ ፍርድ ረሸነ።

በሞት መቅጣትን የጀመረው ግን ደርግ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት ነፍሰ ገዳይ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ ወገንም ወይ ይገድለዋል ወይ ጉማ ተቀብሎ ይምረዋል። በንጉሠ ነገሥቱም ዘመን አርበኛው በላይ ዘለቀ በ1937፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በ1953 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው ተሰቅለዋል።

በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ሩዋንዳ፣ ያን ሁሉ ፍጅት ያየችው አገር፣ የሞት ቅጣትን ሻረች። እኛ በዚያው ወር ማብቂያ የአቶ ክንፈ ገብረመድኅንን ገዳይ በሞት ቀጣን።

በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ በሌሉበት ሞት ፈረደ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ለሌሎች የነፈጉትን ችሎትም ምሕረትም እነርሱ አገኙ። የሟቾች ወገኖች ይህ ቢያንገበግባቸው አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ምሕረቱን እደግፋለሁ። ዳኛ ይሳሳታል፤ የታሰረ ይፈታል፣ የተገደለ ግን አይመለስም። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ዛሬም ለሞት ቅጣት በር ክፍት ትቷል። በሩን ለመዝጋት ስንት ዓለም በቃኝ ያስፈልገን ይሆን?