«አጠፋ»፣ «ዘጋ»፣ «ዳፈነ»፦ የመብራት ማብሪያ ስያሜ ከትናንት እስከ ዛሬ

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የመንዝ ደጋ ላይ ትገኛለች። ብርዱ በሚበረታበት፣ የማገዶ እንጨትም በሚያጥርበት በዚህ አገር የቤት እመቤት ማታ የኩበቱን ፍም አታጠፋውም፤ በአመድ ትዳፍነዋለች። ሲነጋ አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት ይቀጣጠላል። የዚህ ልማድ መጠሪያ የሆነው «ዳፈነ» ለዛሬው የስያሜ ችግር ምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከኤሌክትሪክ በፊት የመብራት ግሦች የእሳት ግሦች ነበሩ። ጧፍና ኩራዝ ይለኮሳሉ፤ እፍ ተብለው ይጠፋሉ። አምፖል በገባ ጊዜ «አበራ» እና «አጠፋ» አብረውት ሲሻገሩ «ለኮሰ» ግን ከእሳቱ ጋር ቀረ። በ1948 ዓ. ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በሕዝብ አፍ «መብራት ኃይል» ተባለ፤ ኃይል ሲቋረጥም የቆመው ወፍጮ ወይም ምጣድ ቢሆን እንኳ የሚባለው «መብራት ጠፋ» ነው። ግድግዳ ላይ የሚተከለው መሣሪያም ከሁለቱ ግሦች በመሣሪያ ስም ቅርጽ «ማብሪያና ማጥፊያ» ተባለ።

ሬዲዮና የቧንቧ ውሃ ግን ሌላ መንገድ ያዙ፤ «ይከፈታሉ»፣ «ይዘጋሉ»። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ የኃይል መሥመር «ተዘጋ» የሚባለው የሽቦው ጫፎች ተገናኝተው ኃይል ሲያልፍ፣ «ተከፈተ» የሚባለውም ሲቋረጥ ነው። በመሆኑም የባዕድ መመሪያ ቃል በቃል ተተርጉሞ «ሽቦውን ከመንካትዎ በፊት ማብሪያውን ይክፈቱ» ቢል፣ ሬዲዮ መክፈት የለመደ አንባቢ ኃይል ለቅቆ ሽቦውን ይነካል። ተርጓሚው «ያጥፉ» ማለት ይገባው ነበር።

በዘመናችን በስልክ፣ በድምፅ ወይም በተወሰነለት ሰዓት የሚታዘዝ «ስማርት» ማብሪያ መጥቷል። አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ መሣሪያው ትእዛዝ ለመቀበል ጥቂት ኃይል እየሳበ ይጠብቃል። ስለዚህም አብዛኛው ዓይነት ባለሙያዎች ኒውትራል የሚሉትን ሽቦ ይፈልጋል፤ በብዙ ቤቶች ግን ወደ ማብሪያው የወረደው ፌዙና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው። ገዥ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው። ኒውትራልን «ገለልተኛ ሽቦ» ብሎ መተርጐም ደግሞ አይመከርም፤ ገለል ያለ ነገር አይነካምና አንባቢው ቢነኩት የማይጎዳ ይመስለዋል።

እንግዲህ የመሣሪያው ሁኔታ ሦስት ሆኗል። በርቶ አይደለም፤ ጠፍቶም አይደለም፤ ይጠብቃል። ለዚህ ሁኔታ «ተዳፍኗል» ቢባል፣ ስያሜ በቅድሚያ ከራሱ ከአማርኛ ይፈለግ ከሚለው የቆየ ልማድ ጋር ይስማማል። «ዳፈነ» ወሬን ለመደበቅም ይነገራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የተዳፈነ ወሬም ቢሆን ከሥሩ ሕያው ነው፤ ተቃውሞው ሐሳቡን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። «ስማርት» በ«ብልህ» ይተካ ወይስ በውሰት ይቅር የሚለው በጊዜ ሊወሰን ይችላል፤ የማብሪያው ሁኔታ ስያሜ ግን የሰው እጅ ሽቦ ላይ የሚያርፍበት ጉዳይ ስለሆነ ሊዘገይ አይገባም። የተዳፈነ ፍም አመድ መስሎ እንደሚያቃጥል የመንዝ ሕፃን እንኳ ያውቃልና።