የስፖቲንግ ስኮፕ ትራይፖድ (ደሴና ኮምቦልቻ)

ወፍና አውሬ ከሩቅ የሚታይበትን ስፖቲንግ ስኮፕ የሚሸከም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ። ስኮፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 እጥፍ ስለሚያጎላ የእጅንና የነፋስን እንቅስቃሴም አብሮ ያጎላል፤ ያለ ማቆሚያ ብዙም አያገለግልም።

አመራረጥ፦ የጀማሪ ስኮፕ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ትራይፖዱ ቢያንስ የዚህን እጥፍ የሚችል ይሁን። አሉሚኒየም ከካርቦን ፋይበር ቢከብድም ዋጋው ይቀንሳል፣ ክብደቱም በነፋስ ይረዳል። ባለ ሦስት ቁራጭ እግር ከባለ አራቱ ይጸናል። አናቱ በእጀታ በዝግታ የሚዞር የቪዲዮ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ የተጠቀመበት ትራይፖድ ጥሩ አማራጭ ነው። የመሬት ቀያሾች ትራይፖድ እጅግ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ብሎኑ ብዙውን ጊዜ 5/8 ኢንች፣ የስኮፕ ደግሞ 1/4 ኢንች በመሆኑ ማገናኛ ይፈልጋል።

አጠቃቀም፦ ደሴን ቁልቁል በሚያየው የጦሳ ተራራ ላይ ነፋስ ስለሚበረታ የመካከለኛውን ዘንግ ዝቅ ማድረግ፣ እግሮቹን ማስፋት፣ ከሥር ድንጋይ የሞላ ከረጢት ማንጠልጠል ይበጃል። በሐይቅ ዳርቻ ጭቃ ላይ ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል። ቆላ ቀመሱ ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን ምስሉ ቢርገበገብ ጥፋቱ የትራይፖዱ ሳይሆን የሞቀው አየር ነው፤ ጠዋት ማየት ይሻላል።

ፍተሻ፦ ከመግዛት በፊት ስኮፑን አስሮ እግሩን በጣት መምታት። ምስሉ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ርካሽም ቢሆን አይገዛም።